ከአዶላ ግራናይት እስከ ሐዋሳ ባልጩት፤ የሁለት አለቶች ኬሚስትሪ የጥናት ታሪክ

ሐዋሳ በእሳተ ገሞራ አለት ላይ የቆመች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ጎዳናዎቿ የተዘረጉት፣ የቤቶቿም መሠረት የተጣለው የሐይቁ ደለል ከጥንት ፍንዳታ ከተረፈው አመድና ፑሚስ ጋር በተደባለቀበት ሜዳ ላይ ነው። የታቦርና የአላሙራ ኮረብቶች የዚሁ የእሳት ዘመን ምስክሮች ናቸው። ግንበኛው ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ጠጠርም ከዚሁ የፍንዳታ ትራፊ የሚዛቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚችው ከተማ ለተቋቋመው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲፈለግ የተገኘው በአካባቢው ሳይሆን ወደ ደቡብ ርቆ በአዶላ ምድር ነው። ነጩ የሸክላ አፈር፣ ማለትም ካኦሊኑ፣ ከቦምቦዋ፣ ፌልድስፓሩና ኳርትዙ ደግሞ ከቀንጢቻ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ሁለቱም ስፍራዎች የግራናይትና የፔግማታይት አገር ናቸው።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ይመስላል። የሐዋሳ አካባቢ ሪዮላይትና የአዶላ ግራናይት በላቦራቶሪ ሲፈተሹ ሁለቱም ከመቶ ሰባ እጅ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሲሊካ ይገኝባቸዋል፤ በዋና ዋና ንጥረ ነገሮቻቸውም በብዙ ይመሳሰላሉ። ዳሩ ግን የአዶላው ምድር ታንታለም፣ ሊቲየምና ካኦሊን ሲሰጥ፣ የሐዋሳው ባልጩት፣ ፑሚስ፣ የምድር እንፋሎትና ጥርስ የሚያበልዝ ውኃ ሰጠ። የዚህ ልዩነት ምክንያት የተገለጠው ባንድ ጀምበር አይደለም። ብዙ ሰዎች በመዶሻ፣ በካርታ፣ በኋላም በላቦራቶሪ እየተቀባበሉ የደረሱበት ነው።

የዚህ ጥናት ታሪክ ለሙያው የሚተወው አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም የደቡብ ኢትዮጵያ አለቶች ኬሚስትሪ በቅድሚያ ለወርቅ፣ ቀጥሎ ለእንፋሎት፣ በመጨረሻ ለውኃ ሲባል መነበቡ ነው። በአለቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ውኃውን ነበር። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ የተቆጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ማዕድን

ማዕድን ማለት ከምድር ወጥቶ ለሰው ሥራ የሚውል ነገር ሁሉ ከሆነ፣ የስምጥ ሸለቆው የመጀመሪያ ማዕድን ባልጩት ነው። ባልጩት የሪዮላይት ቅልጥ አለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ባንዴ ቀዝቅዞ የጠጠረ የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው። ሲሰበር የሚወጣው ስለት እጅግ የሰላ በመሆኑ የጥንቱ ሰው ከማናቸውም ድንጋይ አብልጦ መረጠው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በሚገኘው በጋደሞታ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙአልድ ሺልድ ያደረጉት ቁፋሮ በ1974 ታትሞ ሲወጣ በዚያ ስፍራ የባልጩት መሣሪያ ይሠራ እንደነበር ታወቀ። በ2008 የታተመ የዕድሜ ልኬትም ከመሣሪያዎቹ ቀደምት የሆኑት ከ276,000 ዓመት የማያንስ ዕድሜ እንዳላቸው አሳየ። በደቡብ ኢትዮጵያ የቆዳ ፋቂዎች ባልጩትን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ባልጩት ለኬሚስትሪ ተመራማሪም የራሱ ትርጉም አለው። ቅልጥ አለቱ በወጣበት ሰዓት የነበረውን የንጥረ ነገር ድርሻ እንዳለ ይዞ ስለሚጠጥር፣ እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ ለባልጩቱ የተለየ የዚርኮኒየም፣ የኒዮቢየምና የሩቢዲየም መጠን ያወርሰዋል። ስለሆነም አንድ የመሣሪያ ስባሪ በሩቅ አገር ሲገኝ ተፈትሾ የመጣበት ተራራ ሊታወቅ ይችላል። ከሐዋሳ በስተሰሜን ምዕራብ በኮርቤቲ ውስጥ የሚገኘው የጫቢ ተራራ በባልጩት ፍሰቱ ከሚታወቁት መካከል ነው።

ከመዶሻ ወደ ካርታ

የኢትዮጵያን አለቶች በዘመናዊ ሳይንስ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የገለጸው እንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር በጂኦሎጂ ባለሙያነት ተጉዞ ያየውን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። የደጋውን የእሳተ ገሞራ አለት «አሸንጌ» እና «መቅደላ» ብሎ በሁለት የከፈለው እሱ ነው። የእሱ መንገድ ግን የሰሜን መንገድ ነበርና ስምጥ ሸለቆውንና ደቡቡን አላየም። የጣሊያኑ ጂኦሎጂስት ጆቶ ዳይኔሊ በ1943 ያወጣው ሰፊ ሥራ ስለ ምሥራቅ አፍሪቃ እስከዚያ ዘመን የተሰበሰበውን ዕውቀት አንድ ላይ አጠናቀረ። ቀጥሎም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፖል ሞር በ1960ዎቹ መጀመሪያ «የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ» የተሰኘውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አቀረበ። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚሄደውን የወጣት ስንጥቆችና እሳተ ገሞራዎች መስመር «የወንጂ የስንጥቅ መቀነት» ብሎ የሰየመውም ሞር ነው።

በ1968 የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተቋቋመ። በ1973 በካዝሚን የተዘጋጀው ባለ 1:2,000,000 መስፈርት የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ካርታ ወጣ። ሁለተኛው እትም በመንገሻ ተፈራ፣ በታድዮስ ጨርነትና በወርቅነህ ሐሮ ተዘጋጅቶ በ1996 ታተመ። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ከሐዋሳ ተነስቶ በሐገረ ሰላምና በቦሬ ደጋ አልፎ ወደ ክብረ መንግሥት የሚወርደውን መንገድ የተከተለ ሰው፣ የእሳተ ገሞራው ሽፋን እየሳሳ ሄዶ ከሥሩ ጥንታዊው መሠረታዊ አለት ብቅ ሲል ያያል። በአንድ ቀን ጉዞ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት አለት ወደ ግማሽ ቢሊዮንና ከዚያም በላይ ወደሚቆጠር አለት መሸጋገር ይቻላል። ሁለቱን ምድሮች የሚያገናኛቸው ይህ መንገድ ነው።

አዶላ፤ ወርቁ ከዕውቀቱ ቀደመ

የአዶላ ወርቅ የተገኘው በ1930ዎቹ ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላም ዋነኛው የመንግሥት የወርቅ ምንጭ ሆኖ ቆየ። ለብዙ አሠርት ዓመታት የወጣው ወርቅ የደለል ወርቅ ነበር። ወርቅ ከውኃና ከአየር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ፣ ከአሸዋም በብዙ እጥፍ የሚከብድ ስለሆነ፣ አለቱ በስብሶ ሲፈርስ እሱ ሳይለወጥ ወደ ወንዝ ወርዶ ከጠጠሩ ሥር ይተኛል። አጣቢው ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ገበቴውና የወንዙ ጠባይ በቂ መምህር ሆነውታል። ወርቁ ከየትኛው አለት ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን ደለሉ እየመነመነ እስኪሄድ ድረስ የሚያስቸኩል ሆኖ አልታየም።

ጥያቄው በዘዴ የተጠናው በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ ነው። በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እገዛ በተካሄደው ፍለጋ ከወንዝ ደለልና ከአፈር ናሙና እየተወሰደ፣ በናሙናው ውስጥ ያለው ጥቂት የብረታ ብረት ምልክት በካርታ ላይ እየተመዘገበ፣ ምልክቱ ወደሚበረታበት አቅጣጫ እየተከተሉ መሄድ ተጀመረ። የለገደንቢ የአለት ወርቅ የታወቀው በዚህ ዘመን ነው። በ1990 በመንግሥት እጅ ማምረት ጀመረ፤ በ1997 ደግሞ በ172 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወደ ሚድሮክ ተዛወረ።

ለገደንቢ ለሙያው ሌላም ትምህርት ነበረው። በዙሪያው ብዙ ግራናይት ስላለ ወርቁ የግራናይት ልጅ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ወርቁን የያዙት የኳርትዝ ሥሮች የሚገኙት በሙቀትና በግፊት በተለወጡ የጥንት የእሳተ ገሞራና የደለል አለቶች ውስጥ፣ አለቱ በተሸራተተበት ረጅም ቀጠና ላይ ነው። ተራሮች ሲገነቡ ከጥልቅ የወጣ ሙቅ ፈሳሽ ወርቁን ተሸክሞ በስንጥቁ እንዳስቀመጠው ጥናቶች ያመለክታሉ። እንግዲህ ከግራናይት አጠገብ የተገኘ ሁሉ የግራናይት አይደለም ማለት ነው። ጉርብትና ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ዝምድናን የሚያረጋግጠው ኬሚስትሪ ነው።

ማደሪያ ያጡ ንጥረ ነገሮች

የዚህ ኬሚስትሪ መሠረት የተጣለው በሌላ አገር ነው። ኖርማን ቦወን በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ማዕድኖቹ ባንዴ ሳይሆን በተራ በተራ ክሪስታል እንደሚሆኑ፣ የቀረው ፈሳሽም ባሕርዩን እየለወጠ እንደሚሄድ በሙከራ የተገኘውን ዕውቀት አስረዳ። የኖርዌዩ ቪክቶር ጎልድሽሚት ደግሞ አንድ ንጥረ ነገር በክሪስታል ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በአቶሙ መጠንና በኤሌክትሪክ ሙሉ ልኩ እንደሆነ አሳየ። ልኩ ከተለመዱት ማዕድኖች ጋር የሚስማማው ቶሎ ገብቶ ይቀመጣል። የማይስማማው ደግሞ፣ እንደ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ኒዮቢየምና ታንታለም ያለው፣ ማደሪያ እንዳጣ እንግዳ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የቀንጢቻ ፔግማታይት የዚህ ሕግ ግልጽ ምሳሌ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ግራናይቶች በአንድ ወቅት የመጡ አይደሉም። ከ900 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ረጅም ዘመን፣ የምሥራቅና የምዕራብ ጎንድዋና ምድሮች ሲጋጠሙና ከዚያም በኋላ፣ በየተራ የገቡ ናቸው። ቀንጢቻ ከመጨረሻዎቹ ወገን ሲሆን ዕድሜው 530 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከግራናይቱ የተረፈው የመጨረሻ ፈሳሽ በውኃና በሊቲየም የበለጸገ፣ ስለዚህም የሚቀጥንና በዝቅተኛ ሙቀት ሳይጠጥር የሚቆይ ነበር። በጥልቀት ተዘግቶ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ታላላቅ ክሪስታሎች አበቀለ፤ በየንብርብሩም ስፖዱሚንን፣ ሌፒዶላይትን፣ ሚካንና ታንታላይትን ለየብቻ አሰፈረ። በሰፊ አለት ውስጥ ተበትኖ ቢሆን ማንም የማይቆፍረው ታንታለም በጠባብ ስፍራ ተሰበሰበ።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ሥራ የሠሩት ዝናብና ጊዜ ናቸው። ፌልድስፓር ከውኃ ጋር ለብዙ ዘመን ሲቆይ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን አስረክቦ ወደ ነጭ ካኦሊን ይለወጣል። የቦምቦዋ ካኦሊን እንዲህ የተወለደ ነው። ታንታላይት ግን አይበሰብስም። ስለዚህ የቀንጢቻው የላይኛ ክፍል በስብሶ ሲለሰልስ ታንታላይቱ እንዳለ ቆየ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በመንግሥት የማዕድን ድርጅት ሲመረት የነበረውም በዋነኛነት ይኸው ለመቆፈር የሚቀለው የበሰበሰ ክፍል ነው። የተለየው ታንታላይት ሳይጣራ ወደ ውጭ ተልኮ በሌላ አገር ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሆነ። ከሥር ያለው ጠጣር አለትና ስፖዱሚኑ በሰፊው ትኩረት የሳቡት፣ ሊቲየም ለባትሪ በብርቱ መፈለግ ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ነው። አለቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ፍላጎት ነው።

የሐዋሳ ካልዴራ

አሁን ወደ ሐዋሳ መመለስ ይቻላል። ከተማዋና ሐይቋ የሚገኙት በአንድ ታላቅ ካልዴራ ውስጥ ነው። ስፋቱ በአንድ ወገን እስከ 40፣ በሌላው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርሰው ይህ ጎድጓዳ ምድር የተፈጠረው፣ ከሥሩ የነበረው ቅልጥ አለት በታላቅ ፍንዳታ ወጥቶ ሲያልቅ ጣሪያው ወደ ባዶው ስለወረደ ነው። ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኮርቤቲ በዚህ በአሮጌው ካልዴራ ውስጥ ከብዙ ዘመን በኋላ የተከፈተ ሌላ ካልዴራ ሲሆን፣ በ2016 የታተመ ልኬት ዕድሜውን 180,000 ዓመት ያህል አድርጎታል። የኡርጂና የጫቢ ተራሮች ከዚያ ወዲህ በኮርቤቲ ውስጥ የበቀሉ ናቸው።

ዲ ፓኦላ በ1972 ከ7 ዲግሪ እስከ 8 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ያለውን የስምጥ ሸለቆ ክፍል በካርታና በኬሚካል ትንተና ገልጾ አሳተመ። ጊዳይ ወልደ ገብርኤልና የሥራ ባልደረቦቹ በ1990 ባወጡት ጥናት የማዕከላዊውን ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ታሪክ በዕድሜ ልኬት አስደግፈው ቅደም ተከተል አስያዙት። ከእነዚህና ከተከታዮቻቸው ሥራ የተገኘው ፍሬ ነገር፣ የአካባቢው ሪዮላይት ከተራው ሪዮላይት የተለየ መሆኑ ነው። በአብዛኛው ፓንቴለራይት ከሚባለው ወገን ነው። ስሙ ከጣሊያኗ የፓንቴለሪያ ደሴት የተወሰደ ሲሆን በ1881 የተሰጠ ነው። የዚህ አለት መለያ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ተደምሮ ከአሉሚኒየሙ መብለጡ ነው።

መነሻውም የተለየ ነው። በቀንጢቻ የሚታየው የታንታለም፣ የሊቲየምና የሲዚየም ብልጽግና በተራራ ግንባታ ጊዜ ከአሮጌ የምድር ቅርፊት መቅለጥ ጋር የሚዛመድ ነው። የስምጥ ሸለቆው ፓንቴለራይት ግን በይበልጥ፣ ምድር ስትሰነጠቅ ከጥልቅ የወጣ ባዛልት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ክሪስታሎቹን ሲጥል የቀረ ፈሳሽ ነው። ፌልድስፓሩ ተለይቶ ሲቀር ስትሮንሺየምና ባሪየም አብረው ይቀራሉ፤ ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየም፣ ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች፣ ክሎሪንና ፍሎሪን በፈሳሹ ይከማቻሉ። ፔትር ቼርኒ በ1991 ፔግማታይቶችን ሲመድብ የሊቲየምና የታንታለሙን ወገን ከኒዮቢየሙና ከፍሎሪኑ ወገን የለየው በዚሁ ዓይነት ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው። እንግዲህ የአዶላና የሐዋሳ አለቶች ሲሊካቸው ቢመሳሰልም አባታቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት የመጨረሻ ዕጣቸው ነው። የቀንጢቻው ፈሳሽ በምድር ሆድ ተዘግቶ ቀዘቀዘ፤ ያለውንም በአንድ ስፍራ አከማቸ። የሐዋሳው ፈነዳ። ጋዙ ወደ ሰማይ ሄደ፣ ቅልጡ በደቂቃዎች ውስጥ ብርጭቆ ሆነ፣ የያዘው ሁሉ በአመድና በፑሚስ መልክ በሰፊ አገር ላይ ተበተነ። ዚርኮኒየሙም ኒዮቢየሙም አለ፤ ነገር ግን ሁሉም በየቅንጣቱ ውስጥ ተዘርቶ እንጂ በአንድ ሥር ተሰብስቦ አይደለም። ማዕድን የሚሆነው የንጥረ ነገር መኖር ብቻ ሳይሆን መሰብሰቡ ነው የሚለውን የሙያውን የመጀመሪያ ትምህርት ከሐዋሳና ከቀንጢቻ በላይ ጎን ለጎን ሆኖ የሚያስረዳ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

እንፋሎቱ

ከእሳተ ገሞራው ብረታ ብረት ባይገኝም ሙቀቱ አልቀረም። በስምጥ ሸለቆው የምድር እንፋሎት ፍለጋ በ1960ዎቹ ማብቂያ ተጀምሮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ ተስፋፋ። ባለሙያዎቹ ከየፍል ውኃው ናሙና እየወሰዱ በውኃው ውስጥ ባለው የሲሊካና የሶዲየም መጠን የጥልቁን ሙቀት ገመቱ። ከ1981 እስከ 1985 በአሉቶ ላንጋኖ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በ1998ም 7 ሜጋዋት ያህል ኃይል ያለው ማመንጫ ተተከለ። ኮርቤቲም በዚያው ዘመን ተስፋ ከተጣለባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በሳተላይት የተደረገ ልኬት ከ2009 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የኮርቤቲ መሬት በዓመት እስከ 6.6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል እንደነበር ማሳየቱ፣ ከሥሩ ያለው ኃይል ያልሞተ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

በዚህ ሥራ ብዙ የፍል ውኃና የጉድጓድ ውኃ ተመረመረ። በየሠንጠረዡም ከሶዲየሙና ከክሎራይዱ አጠገብ ፍሎራይድ የሚል ዓምድ ነበረ። የተፈለገው ግን ሙቀቱ ነበርና የዓምዱ ቁጥር ለጊዜው ከቁጥርነት አላለፈም።

ውኃው

የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ እንደ ክሪስታል ጽኑ አይደለም። ውኃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ሲያሟሟውም ሶዲየሙንና ፍሎሪኑን ይወስዳል። ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ቢካርቦኔት የበዛበት ያደርገዋል። ቢካርቦኔት ሲበዛ ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። ካልሲየም በውኃው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ፍሎራይት ወደሚባል ማዕድን በለወጠውና ከውኃው ባስወገደው ነበር። ካልሲየሙ አስቀድሞ ስለሚጠፋ ግን ፍሎራይዱን የሚይዘው አይገኝም፤ በውኃው ውስጥ ይከማቻል። በደጋው ጠርዝ የሚፈልቁ ምንጮችና የሚወርዱ ወንዞች በአመዛኙ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ሲኖራቸው፣ በሸለቆው ወለል የሚቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች ከፍተኛ የሚሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው።

የዚህ ኬሚስትሪ አንዱ ገጽታ ሀብት ሆኗል። መውጫ በሌላቸው ሐይቆች ሶዲየምና ካርቦኔት ተጠራቅሞ ሶዳ ይሆናል። በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ ሶዳ በኩባንያ ደረጃ መመረት የጀመረው በ1911 ነው፤ በአገራችንም የአብያታ ሐይቅ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ መሠረት ሆኗል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ባይኖረውም ከእነዚህ የተለየ ነው። ከጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባለት ውኃ በከፊል ከከርሰ ምድር ሾልኮ ስለሚሄድ ጨዉንም አብሮ ይወስድለታል፤ ስለዚህ አሣ የሚኖርበት ጣፋጭ ውኃ ሆኖ ቆይቷል።

ሌላው ገጽታ ግን በሰው አካል ላይ የተጻፈ ነው። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለረጅም ዘመን የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እየጠጠረ፣ ወገባቸውና አንገታቸው አልታጠፍ እያለ ወደ ሐኪም መምጣት የጀመሩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩ ልጆች ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ በሚሆኑት ላይ በፍሎራይድ ምክንያት የመጣ የጥርስ መበለዝ አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ውኃው ጥሩ ይመስላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጉዳቱም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የበለዘ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይነጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። የሐኪሙ ጥናት ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩን ለመገመት የሚያስችለው ዕውቀት በጂኦሎጂስቱ እጅ ነበር። ፓንቴለራይት ፍሎሪን እንደሚያከማች፣ ሶዲየምና ቢካርቦኔት የበዛበት ውኃ ካልሲየም እንደሚያጣ የታወቀ ነገር ነበር። የፍል ውኃዎቹ ሠንጠረዥም ተዘጋጅቶ ነበር። የጎደለው የአለቱን ኬሚስትሪ ከውኃው ጉድጓድ፣ የውኃውን ጉድጓድም ከልጁ ጥርስ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነበር። የወርቅ ፈላጊው ቡድን፣ የእንፋሎት ፈላጊው ቡድንና የውኃ ቆፋሪው ቡድን ለየብቻ ሠሩ፤ ያንዱ መዝገብ ለሌላው አልተነበበለትም። ፍሎራይድን በአጥንት ከሰል ወይም በአሉሚኒየም ጨው የመቀነስ ሙከራም የመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ማጣሪያ ዘወትር መታደስ ያለበትና ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነም፣ አስቀድሞ ተገቢውን የውኃ ምንጭ ከመምረጥ ጋር አይተካከልም።

ለባለሙያው የሚተርፈው

ከአዶላ እስከ ሐዋሳ ያለው የጥናት ታሪክ የሚያኮራ ነው። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ወርቅ አጣቢው በገበቴው የሚፈልገው ምድር፣ የእያንዳንዱ አለት ዕድሜና የንጥረ ነገር ድርሻ ወደ ተመዘገበበት ምድር ተሸጋግሯል። ከውጭ የመጡት አጥኚዎች ሥራም በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ ቀጥሏል፤ በብዙ ቦታም ተሻሽሏል።

ሆኖም ታሪኩ የጥናቱን ቅደም ተከተል መልሶ እንዲታይ ያስገድዳል። ግራናይት ያከማቸው ማዕድን እስኪፈለግ ድረስ በምድር ውስጥ ይጠብቃል፤ ቀንጢቻ 530 ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል፣ ሌላ አሥር ዓመት ቢጨምር የሚጎዳው የለም። እሳተ ገሞራ የበተነው ፍሎሪን ግን አይጠብቅም። በየዕለቱ በእንስራና በጀሪካን ወደ ቤት ይገባል። በሐዋሳ ዙሪያና በሸለቆው ወለል ከተሞች እየሰፉ፣ ጉድጓዶችም እየበዙ በሄዱ ቁጥር ይህ ጉዳይ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የጂኦኬሚስትሪ ባለሙያው የዘወትር ሥራ መሆን ይኖርበታል።

ሥራውም ከአቅም በላይ አይደለም። ለማዕድን ፍለጋ የተሰበሰበው የአለት ትንተና፣ ለእንፋሎት የተዘጋጀው የውኃ ሠንጠረዥና የየወረዳው የጉድጓድ መዝገብ በአንድ ካርታ ላይ ቢሰፍሩ፣ መቆፈሪያው ከመተከሉ በፊት አደጋው ያለበትን ስፍራ ማመልከት ይቻላል። ለመስክ የሚወጣ ቡድን ሁሉ፣ የሚፈልገው ታንታለምም ይሁን እንፋሎት፣ ከእያንዳንዱ የአለት ናሙና ጋር በአቅራቢያው ሕዝብ ከሚጠጣው ጉድጓድ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ቢመለስ፣ ወደ ኋላ የቀረው ጥናት ወደ ፊት ሊመጣ ይችላል።